ያባረረ ምክንያቱን ይናገር

ቅዳሜ ማታ በአንድ የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ አንዲት ግራጫ መስመር ብቅ ትላለች፤ አድሚኑ እከሌን አስወጥቷል። ከሥሯ ወዲያው የአበባ ሥዕልና የ"ደህና እደሩ" ምኞት ይከተላል። እዚያው የሚጠይቅ የለም። በማግስቱ ግን ስልኮች ይጮኻሉ። ምን አድርጎ ነው? አንዱ የገንዘብ ነገር ነው ይላል፣ ሌላው ፖለቲካ ነው ይላል፣ ሦስተኛው የሰው ትዳር ያነሳል። ሰኞ ሲደርስ ሦስቱም "የታወቀ ነገር" ሆነዋል።

ስለዚህ "አባል ሲባረር በይፋ ይነገር ወይስ ዝም ይባል?" የሚለው ክርክር ከመነሻው የተጣመመ ነው። መባረሩማ ሁልጊዜም ይነገራል፤ ስሙ ከዝርዝሩ የጠፋ ዕለት ተነግሯል። የሚቀረው ጥያቄ ምክንያቱን ማን ይናገረው ነው፤ ያባረረው አካል ወይስ ሐሜተኛው?

የዝምታ ወገን የሚያነሳው ትልቁ ቃል ገመና ነው። የሰው ገመና አደባባይ አይሰጣም፣ ልጆች አሉት፣ ነገ ሊታረቅ ይችላል ይላል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። የጩኸት ወገን ታሪክ ደግሞ ለዚህ ሐሳብ ብዙ ማስረጃ ያቀብለዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1656 በአምስተርዳም የፖርቱጋል አይሁዶች ማኅበረሰብ የ23 ዓመቱን ባሩክ ስፒኖዛን ሲያወግዝ፣ ቃሉ በምኩራብ ተነበበ። ማንም እንዳያነጋግረው፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድር፣ በአራት ክንድ ርቀት እንዳይጠጋው፣ የጻፈውን እንዳያነብ ታዘዘ። እርግማኑ ቀንም ሌሊትም፣ ሲተኛም ሲነሳም እንዲከተለው የተደረደረ ነበር።

ይሁንና ያን ሁሉ እርግማን የተሸከመው ሰነድ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰውዬው ምን እንዳለና ምን እንዳደረገ አይገልጽም። ክፉ አስተሳሰብና አስነዋሪ ሥራ ይላል እንጂ የቱ አስተሳሰብ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ አይዘረዝርም። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ማኅበረሰቡ ጮኸ፤ ግን ምንም አልተናገረም። በዚህ ረገድ ያ የምኩራብ አዋጅና ያቺ የዋትስአፕ ግራጫ መስመር ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ስሙን ይሰጣሉ፣ ምክንያቱን ይነፍጋሉ። የጩኸት ወገን ጥፋቱ መናገሩ ሳይሆን ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው።

ዝምታውስ ማንን ነው የሚሸፍነው? እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ግሎብ ጋዜጠኞች ያወጡት ጉድ መልሱን ይሰጣል። ሕፃናትን የደፈሩ ካህናት ከአንዱ አጥቢያ ተነስተው ወደ ሌላው ሲዛወሩ፣ ተቀባዩ ምዕመን የሚነገረው ነገር አልነበረም፤ ከተጎጂ ቤተሰቦች ጋር የተደረገው ስምምነትም በምስጢር ተይዞ ነበር። ገመና መሸፈን ተባለ፤ የተሸፈነው ግን የተጎጂው ልጅ ገመና ሳይሆን የአለቆቹ ነበር። ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን፣ የሰው ዕቁብ በልቶ ከአንዱ ቡድን በዝምታ የተሸኘ ሰው፣ በሚቀጥለው ወር በሌላ ቡድን ሰብሳቢ ሆኖ ሲቀመጥ የሚያስጠነቅቅ አይኖርም።

በዝምታ የሚጎዳው ያጠፋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው አድሚኑን ሒሳብ የጠየቀ ሰው ነው። የመዋጮው ደረሰኝ የታለ? ያለ ሰው ማታ ይጠፋል፤ የቀሩትም ትምህርቱን ይወስዳሉ። በስደት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቤሩት ወይም በጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት፣ ያ ቡድን የትኛው ደላላ እንደሚያጭበረብር፣ ገንዘብ በየት በኩል እንደሚላክ፣ ስትታመም ማን እንደሚደርስላት የምታውቅበት ነው። በአሜሪካ ላለ አባወራ ደግሞ አስከሬኑን አገር ቤት የሚያደርሰው የእድር መዋጮ የሚነገርበት ነው። ከዚህ ያለ ምክንያት መውጣትን "የጨዋ አሠራር" ብሎ መጥራት ጨዋነትን መስደብ ነው።

ደንቡን አክብሮ የሚመራ የሰፈር እድር እኮ ይህን ፈትቶታል። የተጻፈ መተዳደሪያ አለው፤ ቀሪ የሆነ ይቀጣል፣ መዋጮ ያቋረጠ ይጠየቃል፣ ይመከራል፣ በመጨረሻ ይሰረዛል። ጥሩምባው የሚነፋው ለሞት እንጂ ለስረዛ አይደለም። ስረዛው የሚነገረው በስብሰባው ላይ፣ ለአባላት፣ ሰውየው ተጠርቶ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነው። ያው እድር ባሕር ተሻግሮ ቴሌግራም ላይ ሲሰፍር፣ ደንቡን ረስቶ ጣት ብቻ ይዞ መሄዱ ያሳዝናል።

"ብዙኃኑ ነው የወሰነው" የሚል መከላከያም አለ። አቴናውያን ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው፤ በሸክላ ስባሪ ላይ ስም እየጻፉ፣ 6,000 ድምፅ ሲሞላ አንድን ሰው ለ10 ዓመት ከከተማ ያስወጡ ነበር። ንብረቱ አይወረስም፣ ዘመኑ ሲያበቃ ይመለሳል። ታዲያ በአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ተረተር፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ 190 ገደማ ስባሪዎች ተገኙ፤ የቴሚስቶክለስ ስም ተጽፎባቸዋል። የእጅ ጽሑፉን ያጠኑት ሰዎች እንደደረሱበት፣ የጻፉት 14 እጆች ገደማ ብቻ ናቸው። ለሕዝብ ሊታደል ተዘጋጅቶ የነበረ ሳይሆን አይቀርም። በቡድን ውስጥ "ይውጣልን" የሚል መልእክት ሲዥጎደጎድ፣ ስንት እጅ እንደጻፈው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዊኪፒዲያ ከዚህ የተሻለ ልማድ አለው። አንድ አዘጋጅ ሲታገድ ማን እንዳገደው፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ምክንያት እንደሆነ ሁሉም በሚያየው መዝገብ ይጻፋል። ታጋጁ ብዙውን ጊዜ በገዛ የውይይት ገጹ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ጉዳዩንም ሌላ አስተዳዳሪ ያየዋል። እንከን አያጣውም፤ እገዳው በስሕተት ቢሆን እንኳ መዝገቡ ላይ ይቀራል። ነገር ግን እዚያ የሚጋለጠው ታጋጁ ብቻ አይደለም፤ አጋጁም ስሙን አስፍሮ ይቆማል። አብዛኞቹ አድሚኖች ይፋ ማድረግን የሚጠሉት ለተባራሪው ክብር ተጨንቀው ይመስላቸዋል፤ ምክንያቱን ሲጽፉ ሲያነቡት ለራሳቸውም እንደማያሳምናቸው ስለሚያውቁ ነው እንጂ።

የተበደለችው ሴት ስም መውጣት የለበትም፤ ይህ አያከራክርም። ማስታወቂያውም የአባላት እንጂ የፌስቡክ መንጋ ሲሳይ መሆን የለበትም። የትኛው ደንብ እንደተጣሰ፣ ማን እንደወሰነ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ሰውየው ምን እንደመለሰ አራት መስመር ይበቃዋል። አራት መስመር መጻፍ የማይችል አድሚን ማስወጣትም አይገባውም።

መመለሱም እንዲሁ መነገር አለበት፤ ያውም ውግዘቱ በተነገረበት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድምፅ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1946 የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ አና አኽማቶቫንና ሚኻይል ዞሽቼንኮን በጋዜጣ አስወግዞ ከደራስያን ማኅበር አስባረራቸው። ማኅበሩ እርሷን በ1951፣ እርሱን በ1953 መልሶ ተቀበላቸው፤ ውሳኔው ግን አልተነሳም ነበር። የተሻረው በ1988 ነው። ዞሽቼንኮ ከሞተ ያኔ 30 ዓመቱ ነበር፣ አኽማቶቫ ከሞተች ደግሞ 22።