ሐዲዱ ቢነሣም መንገዱ አይቆረስ

አዲስ ሐዲድ መዘርጋት ገንዘብና መሐንዲስ ላለው መንግሥት አይሳነውም። ባቡር የተወውን መስመር ሳይቆራርሱ ለልጅ ልጅ ማቆየት ግን ሕግና ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን ቁም ነገር ዛሬ በብስክሌት ጎዳና በኩል ላነሣው አስቤአለሁ። ፖለቲካ ሲጠብቅ ስለ ብስክሌት ለሚነበብለት አንባቢ ትዕግሥቱን አስቀድሜ እለምናለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዋሽንግተን ዲሲና በሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የሮክ ክሪክን ጫካ እናውቀዋለን፤ ክረምት ከበጋ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣበት ነው። በተራራ ብስክሌቴ አዘውትሬ የምዞረው ጎዳና ከጆርጅታውን ተነሥቶ ፖቶማክን እየተከተለ ወደ ቤተዝዳ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ከሮክ ክሪክ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በጫካው ውስጥ ቁልቁል ወደ ጆርጅታውን ይመለሳል። ዙሪያው ከ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጫካው ኮንግረስ በ1890 በሕግ የከለለው ነው። በውስጡ ያሉት የእግረኛ አፈር መንገዶች ለብስክሌት ክልክል ስለ ሆኑ፣ ጋላቢው ጅረቱን እየታከከ በሚጠማዘዘው አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከጆርጅታውን እስከ ቤተዝዳ ያለው ክፍል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ዳገቱ አይታወቅም። ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ በዳሌካርሊያ ዋሻ ከፍተው፣ ከመኪና መንገድ በላይ የብረት ድልድይ ዘርግተው ነበር። ለባቡሩ የተደከመው ድካም ዛሬ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌና ገና ፔዳል የሚለማመድ ሕፃን ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጎዳና ሆኗል።

ይህ መስመር በ1910 የተጠናቀቀ የዕቃ ባቡር ቅርንጫፍ ነበር። ወደ ጆርጅታውን የድንጋይ ከሰልና የግንባታ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ በ1985 ሥራውን አቆመ። በአሜሪካ ብዙው የባቡር መሬት የኩባንያው ርስት አይደለም፤ ባቡሩ እስከሠራ ድረስ ብቻ የማለፍ መብት የተሰጠበት መሬት ነው። ባቡሩ ሲቀር መሬቱ ለየአጎራባቹ ይመለሳል፤ ረጅሙ መስመር በየጓሮው ተበጣጥሶ ይቀራል። ኮንግረስ ይህን አይቶ በ1983 ሕጉን አሻሻለ። በማሻሻያው መሠረት ባቡር ያቆመ መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ከተሰጠ እንደ ተተወ አይቆጠርም፤ አንድ ቀን ለሐዲድ ቢፈለግ ተመልሶ ይሰጣል። የአሠራሩ ስም ሲተረጎም መስመሩን ባንክ ማስቀመጥ እንደ ማለት ነው። ባለ መሬቶች ተቃውመው ቢከራከሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉን አጸና፤ ካሣ የመጠየቂያውንም በር ክፍት ተወላቸው። የሞንትጎመሪ አውራጃ የሜሪላንዱን ክፍል በ1988 ገዛ፤ ከጆርጅታውን እስከ ቤተዝዳ ያለውም ጎዳና በ1996 ለሕዝብ ተከፈተ።

ሕጉ የተፈተነው ባንክ የገባው ሲጠየቅ ነው። ከቤተዝዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄደው የጠጠር ጎዳና ፐርፕል ላይን ለተባለው የከተማ ባቡር ሲባል በ2017 ተዘጋ፤ ጥላ ሲሰጡን የኖሩት ዛፎችም ተቆረጡ። ብዙ ብስክሌተኛ ተቆጣ፤ እኔም አዘንኩ። ቁጣው ግን አንድ ነገር ረስቷል። ጎዳናው በአደራ የቆየ የባቡር መሬት ነበር፤ ባለ አደራ ደግሞ ሲጠየቅ ይመልሳል። በእነዚያ ዓመታት ብስክሌተኛና እግረኛ ባይጠብቁት ኖሮ ዛሬ ለባቡሩ የሚሆን መሬት አይገኝም ነበር። ግንባታው መጓተቱ፣ ሥራ ተቋራጩም በ2020 ጥሎ መውጣቱ እውነት ነው፤ ይህ የሠሪዎቹ ጉድለት እንጂ የአደራው አይደለም። በዕቅዱ መሠረት ከሐዲዱ ጎን የብስክሌት መንገድ ይኖራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን ያስተሳሰረው ይኸው መስመር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን ሐዲድ ይዞ መጣ፤ አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድም ወደ ዳር ተገፋ። በለገሃር በ2018 ግዙፍ የመኖሪያና የንግድ መንደር ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ስለ ጣቢያው ሕንፃ ብዙ ሲጻፍ አያለሁ። ሕንፃ ግን አጥር ቢታጠርለት ይቆያል፤ መስመር አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ቀሪው ቁራሽ መሬት ነው።

ነገሩን የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ነው። ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስም የብስክሌት መንገድ ሲሠራ ብዙ ሰው ከኖረበት ተነሥቷል። ከመቶ ዓመት በፊት ተደልድሎ የተሠራ መስመር ያላት ከተማ አስቀድማ እሱን ልታየው አይገባም ነበርን?

«ብስክሌት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው ሰው በእግሩ በሚሄድበት አገር ከመኪና የተለየ ደልዳላ መንገድ የድሃው ሀብት ነው። «በመስመሩ ዳር የሰፈሩት ሰዎችስ?» ለሚለው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእግርና የብስክሌት መንገድ ጥቂት ሜትር ይበቃዋል፤ ሰፈር ማፍረስን አይጠይቅም፤ የሚነካው ሰው ቢኖርም ካሣው አስቀድሞ ይከፈለው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከአሮጌው መስመር ምን ያህሉ እንደ ተረፈ ተለክቶ ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ መስመሩ እየተቆራረሰ እንዳይሸጥና እንዳይከራይ በሕግ ይደንገግ። ሦስተኛ፣ ባቡር እስኪፈልገው ድረስ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈት፤ ሰው የሚመላለስበትን መንገድ አደራ በላ በጨለማ አይወስደውም።

ሳይቃጠል በቅጠል። ቸር ይግጠመን።