የእንግሊዝ ስም የያዙ ትምህርት ቤቶች እና የጋዝጊብላ ልጅ

ሐሮው እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1572 የተመሠረተ፣ ዊንስተን ቸርችልን ያስተማረ ትምህርት ቤት ነው። በ2005 ቤጂንግ ላይ በስሙ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዌሊንግተን ደግሞ በ2011 ቲያንጂን ገባ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። የአገሬው ባለሀብት ሕንፃውን ይሠራል፣ የአገሬው ወላጅ ይከፍላል፣ እንግሊዝ ያለው ትምህርት ቤት ስሙንና ልምዱን ያከራያል፤ በየዓመቱም ድርሻውን ይወስዳል።

ነገሩ የተበላሸው የቻይና መንግሥት ሕጉን ሲያጠብቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባሉ የግል ትምህርት ቤቶች የውጭ ሥርዓተ ትምህርትና የውጭ ባለቤትነት ተከለከለ። በዓመቱ ቤጂንግ ውስጥ በሐሮው ስም ይጠራ የነበረ ትምህርት ቤት ስሙን አውርዶ በቻይንኛ ስም መጠራት ጀመረ። ዌስትሚኒስተር የተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት ቼንግዱ ላይ ሊከፍት የነበረውን ተወው። እዚያው አገራቸው ውስጥም ከጥር 2025 ወዲህ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጥሏል። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ሌላ ገበያ አዙረዋል። ዱባይና አቡዳቢ ቀድሞም የነበሩበት ነው፤ ሪያድ፣ ባንጋሎር፣ በ2024 ደግሞ ሌጎስ ተጨመሩ። ሌጎስ ከደረሱ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም።

አንባቢያችን "ይህ እኛን ምን አገባን?" ይል ይሆናል። የሚያገባን ገበያው እዚህ ስለበሰለ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስፈተኑት 3 ሺህ 106 ትምህርት ቤቶች በ1 ሺህ 328ቱ አንድም ተማሪ አላለፈም። በአገር ደረጃ ያለፈው 3.2 በመቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ገንዘብ ያለው ወላጅ ይህን ቁጥር አይቶ ልጁን የሚያድንበት ስም ቢፈልግ አንፈርድበትም። የውጭ ትምህርት ቤት ነጋዴም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ወላጅ ነው።

አገራችን የእንግሊዝን እጅ በትምህርት ስታየው የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1940ዎቹ በክርስቲን ሳንፎርድ የተመሠረተው ሳንፎርድ ዛሬም ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚገባበትም የሚከፍል ነው። በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ግን ሌላ ነበር። የብሪታኒያ ካውንስል እያስተዳደረው ተማሪዎቹን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመረጠ፣ እያበላና እያሳደረ አስተማረ። ዘመኑን ለማሞገስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሙስሊሙ ከዘመናዊ ትምህርት ምን ያህል ርቆ እንደነበር እናውቃለን። ልንል የፈለግነው፣ ያው የእንግሊዝ ትምህርት፣ ማን እንደሚገባ በተወሰነበት መንገድ ብቻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኗል።

በቅርቡ ደግሞ የቱርክ ትምህርት ቤቶችን አይተናል። በነጃሺ ስም ተከፍተው ብዙ ሙስሊም ወላጅ ልጁን ልኮባቸዋል። ከ2016ቱ የቱርክ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የአንካራ መንግሥት ማዓሪፍ በተባለው ፋውንዴሽን አማካይነት ትምህርት ቤቶቹን በየአገሩ መረከብ ጀመረ፤ ጉዳዩ እኛም ዘንድ ደረሰ። ወላጁ ያልተጠየቀበት የሩቅ አገር ፖለቲካ የልጁን ትምህርት ቤት ባለቤት ቀየረ። የአወሊያን ጉዳይ ያየ ሰው ትምህርት ቤትን ማን ያስተዳድራል የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ አይነገረውም።

አሁን ዋግ ኽምራ ውስጥ ወዳለችው ጋዝጊብላ እንሂድ፤ የነገሩ ሌላኛው ጫፍ እዚያ ነውና። ዋግ ኽምራ በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል፣ በ2015 እና በ2016 ድርቅ መትቶታል፣ የክልሉ ግጭትም ተጨምሮበታል። በመላው አማራ ክልል በ2017 ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በአካባቢው ብዙ ልጅ በቤቱ የሚናገረው ኽምጣና ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛም ይጠብቀዋል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሒሳቡም ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ከተማረው ልጅ ጋር አንድ ፈተና ይፈተናል። የአዲስ አበባው ወላጅ በውድ ዋጋ የሚገዛው እንግሊዝኛ ለጋዝጊብላው ልጅ የማለፍና የመውደቅ ጉዳይ ነው።

እንግሊዛውያኑ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በአገራቸው ሕግ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፤ ለሕዝብ የሚጠቅሙ መሆናቸውን ማሳየት አለባቸው። ብዙዎቹም ከውጭ የሚያገኙትን ገቢ በአገራቸው መክፈል ለማይችሉ ልጆች የነፃ ትምህርት ዕድል እናውለዋለን ይላሉ። ይህን በደንብ እናጢነው። የሻንጋይ ወላጅ ከፍሎ የለንደን ድሃ ይማራል ማለት ነው። እኛ ጋ ሲመጡ የአዲስ አበባ ወላጅ የሚከፍለው ለምን የዋግ ልጅ አይማርበትም? ፈቃድ ሰጪው አካል ከአሥር መቀመጫ አንዱን ከገጠር ወረዳ በፈተና ለሚመጣ ልጅ፣ ከነማደሪያውና ከነምግቡ፣ በውሉ ላይ ማስጻፍ ይችላል። ቻይና ያህል አቅም የለንም፤ ይህን ለመጠየቅ ግን ቻይናን መሆን አያስፈልግም።

ጥያቄውን ለውጭዎቹ ብቻ ማቅረብም አያምርብንም። በሙስሊሙ ገንዘብ የተሠሩ፣ በኢስላማዊ ስም የሚጠሩ የግል ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ አሉን። ከመካከላቸው ስንቶቹ ከሸገር ውጭ ላለ ድሃ አንድ አልጋ አዘጋጅተዋል? በ1999 ቆጠራ በዋግ ኽምራ ሙስሊሙ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ከጋዝጊብላ በፈተና አልፎ የሚመጣው ልጅ ሙስሊም ላይሆን ይችላል። ወቅፍ ያላቸውና መጅሊሱ በዚህ ላይ ከአሁኑ ቢነጋገሩ ይሻላል፤ የመጀመሪያው የውጭ ትምህርት ቤት ውል ከተፈረመ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም።