ትረካው ሳያልቅ የምንሰጠው ፍርድ

ወገን፣ ዛሬ ራሳችንን ልውቀስ። እዚህ አዳማ ሥራ ያጣን ተመራቂዎች ጀበና ቡና ላይ ተሰብስበን በአንድ ስልክ የሸገርን «መቆያ» እንሰማለን። እሸቴ አሰፋ ገና የአንዱን መሪ ስም ሲጠራ ግማሻችን «የኔ ጀግና!»፣ ግማሻችን «ይሄ ጨካኝ!» ብለን እንነሳለን። ትረካው እኮ ገና አሥር ደቂቃ አልሞላውም!

ጃንሆይን እንውሰድ። እዚሁ አጠገባችን ያለው የቆቃ ግድብ በ1952 የተመረቀው በእሳቸው ዘመን ነው፤ የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ። ወራሪን አስከፍሎ መብራት ማብራት ቀላል አይደለም፣ እኔ እኮራበታለሁ። ግን በ1965 እና 66 ወሎ በረሃብ ሲያልቅም ዙፋኑ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አዳማን ናዝሬት ያሏትም እሳቸው። ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ግማሹን ቆርጦ የሚሰማ ሰው የፈለገው ሙገሳ ወይ ሐሜት ነው።

አንዱ ጓደኛችን (ታሪክ አጥንቶ የተመረቀው እሱ ነው፣ ይገርማል) «የመሪዎቻችን ድክመት ባይወራስ? ለጠላት መሣሪያ ነው» አለ። አልተስማማሁም። እኛ በልኩ ካልተናገርነው ሌላው አግንኖ ይነግረናል፤ ያኔ መልስ አይኖረንም።

የሚቀጥለው ቡና በእኔ ነው፣ ብር ከተገኘ። እስኪያልቅ ዝም ብሎ የሚሰማ ብቻ ይምጣ።