127ቱን የት ጣላችኋቸው?

በእኛ ዘመን ዘር መቁጠር ስድብ ሆኗል። አንዱን ዘረኛ ለማለት «ዘር ቆጣሪ» እንለዋለን። በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባሉ ደጋዎች ግን ዘር መቁጠር የተከበረ የሽማግሌ ሥራ ነበር፤ ጋብቻ ያለሱ አይጸናም፣ ርስት ያለሱ አይገኝም። እኔ የምለው፦ ችግራችን መቁጠራችን አይደለም፤ አጉድለን መቁጠራችን ነው።

የቤተ ዘመድ ማኅበራትን ታውቋቸዋላችሁ። መዋጮ ያሰባስባሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ይነሳና «የዘር ሐረጋችን ይጻፍ፣ ልጆቻችን ሥራቸውን አያውቁም» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነውና እንዲያውም ዘግይቷል። ጉዱ የሚመጣው ጽሑፉ ሲያልቅ ነው። ከላይ አንድ ደጃዝማች፣ ከሥሩ ፊታውራሪ፣ ከዚያ ቀኛዝማች። የእኔ ዘመዶች ያዘጋጁት ወረቀት ዘጠኝ ትውልድ ይቆጥራል። እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌም እከሌን ወለደ... ከላይ እስከ ታች አንዲት «ወለደች» የለችም!

እስኪ አብረን እናስላ። ሁለት ወላጆች አሏችሁ፤ አያቶች አራት፣ ቅድመ አያቶች ስምንት። እንዲህ እያላችሁ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ስትደርሱ 128 ሰው ይቆማል። በአባት በኩል ብቻ የሚወጣ መስመር ከእነሱ አንዱን ይዞ 127ቱን ይጥላል። ይሄ የዘር ሐረግ ከተባለ፣ ከአንድ ጎተራ አንዲት ፍሬ አንስቶ «አዝመራዬ ይኸውላችሁ» ማለትም ይቻላላ!

ደግሞ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምን ነበር? የሚጋቡት ልጆች እንዳይዛመዱ ነዋ። ሕጉ በተጠበቀበት ቤት ሙሽራዋ ከራቀ ወገን መምጣት አለባት፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከሌላ ደብር፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር። ስለዚህ ሰባት ቤት መቁጠር «ንጹሕ ደም» ለመጠበቅ አልነበረም። በየትውልዱ ሌላ ሰው ወደ ቤት እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ ነበር። ዛሬ በየስልካችን ስለ ጥራት የሚፎክረው ሰው የአያቶቹን ሥርዓት ገልብጦ ነው የያዘው።

«ባህላችን በአባት ነው» የምትሉኝም አላችሁ። ርስቱስ? በቤጌምድርም በጎጃምም ሰው ከአቅኚው አባት ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል እየቆጠረ ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ጎጃም ደጋ ዳሞት ላይ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም በሰፊው ያስረዳው ይኼንኑ ነው። ሙግት ላይ የቆመ ገበሬ የቅድመ አያቱን እናት ስም ከረሳ መሬት ያጣል፤ ስለዚህ አይረሳም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ተብሎ ሲታወጅ ብዙ ጭሰኛ እፎይ አለ፤ መልካም ሆነ። ግን ከርስቱ ጋር እናቶችን የምናስታውስበት ጥቅምም አብሮ ሄደ። ጥቅሙ ሲቀር የተረፈን ኩራት ብቻ ነው፤ ኩራት ደግሞ ሹመት እንጂ እናት አይፈልግም።

ከራሷ ከደብረ ታቦር የበለጠ ምስክር የለም። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ሥራቸው ከየጁ ኦሮሞ፣ ከእስልምና ቤት ይመዘዛል። ልጃቸው ወይዘሮ ሂሩት ለሰሜኑ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬ ተዳረች፤ ብጡልን ወለደች፤ ብጡል ጣይቱን ወለዱ። አዎ፣ እቴጌ ጣይቱን! በወንድ ብቻ ብትቆጥሩ ሂሩት ትጠፋለች፤ ሂሩት ስትጠፋ ራስ ጉግሣም ከእቴጌይቱ ሐረግ ይወጣሉ። አንዲት ሴት በመዝለል የአገር ታሪክ እንዲህ ይጎመዳል።

አፄ ቴዎድሮስንም አስቡ። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ በእናታቸው ሰደቧቸው። ከነገሡ በኋላ ሐረጋቸው እስከ ሰሎሞን ተመዘዘ። ሰውዬው ያው ናቸው፤ የተለወጠው ዙፋኑ ነው። ቆጣሪ ለባለ ሥልጣን ያደላል፤ ለዚህ ነው ወረቀት ሁሉ ከላይ በደጃዝማች የሚጀምረው። ከደብረ ታቦር እልፍ ብሎ ጋፋት ላይ ሴቫስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ ከአውሮፓውያኑ ጋር የደከሙት የአገሬው ሠራተኞችስ? የልጅ ልጆቻቸው የት ሄዱ? በየቤተሰቡ ሐረግ ባላባት ሞልቷል፤ አንጥረኛ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ባሪያ ተብሎ የተሸጠ ሰው ግን አንድም የለም። እንዴት ነው ነገሩ፣ ያ ሁሉ ሰው ሳይወልድ ሞተ?

«ቁስል አትነካካ፤ ጠይብ ብለህ ብትጽፍ የልጆቹን ትዳር ታበላሻለህ» የሚል ይኖራል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሕይወት ያለ ሰው ሳይፈቅድ ስለ እሱ መጻፍ የለበትም። ግን ወሬው አሁንም አለ እኮ! ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ በጆሮ ይንሾካሾካል፤ ብዙ ልጅ የተከለከለበትን ምክንያት እንኳን ሳይሰማ ይቀራል። የሚጎዳው ይሄ ሹክሹክታ ነው። 128ቱ በሙሉ ሲጻፉ ግን ጠይቡ በተናቀው ቤት ብቻ ሳይሆን በሚንቀው ቤትም መገኘቱ አይቀርም። ያኔ ማን ማንን ይሰድባል?

ስለዚህ ማኅበር ያላችሁ ጻፉ፤ ግን እንዲህ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የእናቱ ስም፣ አጥቢያው፣ ሙያው ይኑር። የነገራችሁ ሰው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደነገራችሁ ይመዝገብ። ሁለት ሽማግሌዎች ካልተስማሙ ሁለቱንም አስቀምጡ እንጂ ደስ የሚለውን አትምረጡ። ያልታወቀውን ቦታ ባዶ ተዉት፤ ደጃዝማች አታስገቡበት።

ማኅበር የሌላችሁም ለነሐሴ 13፣ ለቡሄ፣ አገር ቤት መግባታችሁ አይቀርም። ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጉና ከሴት አያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ስም በጠሩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እናቱስ ማን ነበሩ፣ እማማ?»