ጄኔራሉ ሥራቸውን ተጠየቁ

መቼም የፖለቲካ ፊልም ሲባል ስብከት የሚመስለው ሰው ሞልቷል። እንዲህ የሚለኝን ሁሉ «ዜድ የሚባለውን አይተሃል ወይ?» እለዋለሁ። ኮስታ ጋቭራስ እ.ኤ.አ በ1969 ያወጣው የፈረንሳይኛ ፊልም ነው። ሰሞኑን ደግሜ አየሁት፤ ልብ አንጠልጣይ ማለት እሱ ነው!

ፊልሙ አገሩን በስም ባይጠራም ነገሩ ግሪክ ውስጥ በእውን የተደረገ ነው። የፓርላማ አባሉ ሐኪም ግሪጎሪስ ላምብራኪስ በ1963 ተሰሎንቄ ላይ ስለ ሰላም ተናግሮ ሲወጣ፣ ፖሊስ ቆሞ እያየ፣ ከባለ ሦስት እግር መኪና ላይ ሆነው አናቱን ፈነከቱት። ሞተ። ፖሊሶቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የትራፊክ አደጋ!»

ፊልሙን ፊልም ያደረገው ግን ሟቹ አይደለም፤ ዣን ሉዊ ትሬንቲኛን የሚጫወተው መርማሪ ዳኛ ነው። ወጣት፣ ባለ ጥቁር መነጽር፣ ቀዝቃዛ። የማንም ወገን አይደለም፤ የሚያውቀው ፋይሉን ብቻ ነው። ሜዳልያ የደረደሩትን መኮንኖች አንድ በአንድ እያስገባ «ስም? ሥራ?» ይላቸዋል፣ ልክ እንደ ኪስ አውላቂ። ተከሰው ሲወጡ ደግሞ በድንጋጤ ከተቆለፈው በር ጋር ይታገላሉ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ! ጄኔራል «ሥራህ ምንድነው?» ሲባል ማየት እኮ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም።

መጨረሻው መራራ ነው። ምስክሮች በየተራ ይሞታሉ፣ ወታደሮች ሥልጣን ይይዛሉ (ግሪክ ውስጥ ኮሎኔሎቹ በ1967 እንዳደረጉት)፣ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል፦ የፕሬስ ነፃነት፣ ቶልስቶይ፣ ሶፎክለስ፣ ቢትልስ፣ «ዜድ» የምትለዋ ፊደል ሳትቀር። በግሪክኛ «ሕያው ነው» ማለት ነዋ! ፊደል የሚፈራ መንግሥት!

እውነተኛውን መርማሪ ዳኛ፣ ሳርትዜታኪስን፣ ኮሎኔሎቹ አሰሩት። በ1985 የግሪክ ፕሬዚዳንት ሆነ።