«ቀደር ነው» ብሎ ሻንጣ መሸከፍ ተወኩል አይደለም




የአንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት በወጣ ቁጥር ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቃል ይሰማል፤ «ቀደር ነው»። ኤፍ የመጣበት ወንድም ይህን ብሎ ሻንጣውን ይሸክፋል። ጓደኞቹም «ሶብር አድርግ» ብለው መናኸሪያ ድረስ ይሸኙታል። በቃ፣ አለቀ ይባላል። እኛ ግን አላለቀም እንላለን።

በቀደር ማመን ኢማን ነው። ይሁንና ቀደር ላለፈው መጽናኛ እንጂ ለነገ ስንፍና ማመካኛ አይደለም። የጎጃምን ገበሬ ተመልከቱ። በረዶ ሰብሉን ቢያወድምበት፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ በመስከረም ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። የሄደውን ለአላህ ትቶ ለቀረው ሰበብ ያደርሳል። ተወኩል ይኸው ነው።

«ጭንቅላቴ አይቀበልም» የምትል ወንድማችን ሆይ! በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጥታ የገባህ ከሆነ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነህ። በሪሚዲያል የገባህ ከሆነም ተጨማሪ ፈተና አልፈህ ነው የመጣኸው። ታዲያ በአምስት ወር ውስጥ ደነዝክ? በፍጹም! የተለወጠው ኑሮህ ነው። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምዕራፉ በሳምንት ያልቃል፤ «አጥና» የሚል አባት ዶርም ውስጥ የለም። ይህ ሁሉ የሚለመድ ነገር ነው።

ከኤፍ ይልቅ የሚጎዳው ዝምታ ነው። ተማሪው ከቤተሰብ ይደበቃል፣ መምህሩን ይሸሻል፣ ሬጅስትራር ደጃፍ አይደርስም። ሪአድሚሽን የሚጠየቅበት ቀን ያልፋል። ሌላው የዊዝድሮዋል ቅጽ ሳይሞላ ጠፍቶ ይሄድና መመለሻውን በገዛ እጁ ያጠብባል። ስሌቱን ደግሞ ተመልከቱ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር 1.70 ያመጣ ልጅ፣ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ፣ በሁለተኛው 2.30 ቢያመጣ 2.00 ይሞላል። ይህ ተራራ ነው?

እናንተ ወላጆች! ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ልጃችሁ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ የምትቸኩሉበት ፍርድ አንድ ነው። ወንድ ከሆነ «ና ሱቅ ግባ»፣ ሴት ከሆነች «ባል ይፈለግላት»። ንግድም ትዳርም የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን በሐፍረት የተወሰነ ንግድና የውጤት ማካካሻ የሆነ ትዳር ምን በረካ አለው? መርጦ መሄድና አፍሮ መሸሽ ይለያያሉ። «የእገሌ ልጅ አለፈ» ማለቱን ተዉና «ሬጅስትራር ምን አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እናንተ ሲኒየሮች! አዲስ ተማሪ በምሳ ተቀብሎ በእንባ መሸኘት ወንድማማችነት አይባልም። ማትስ የሚችል ማትሱን፣ እንግሊዝኛ የሚችል እንግሊዝኛውን ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት ከጀማሪዎቹ ጋር ይቀመጥ። ይህንን ከሚድተርም በፊት አድርጉት፤ ውጤት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ምክር ተዕዚያ ብቻ ነው።

አንተም ወንድማችን፣ አንቺም እህታችን! ዛሬውኑ ውጤታችሁን ይዛችሁ ሬጅስትራር ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ አሁን ያለሁበት ሁኔታ ምንድን ነው? የትኛውን ኮርስ መድገም እችላለሁ? ማመልከቻ እስከ መቼ ነው? ከዚያ ለቤተሰብ ደውላችሁ እውነቱን ንገሩ። ከዚያ ደግሞ ዱዓ አድርጉ፤ ደብተሩም ይከፈት።

የተቻላችሁን ሁሉ አድርጋችሁ በሩ ከተዘጋ፣ ያኔ «ቀደር ነው» በሉ፤ እኛም አብረናችሁ እንላለን። ከዚያ በፊት ግን ቃሉን ለስንፍና አታውሉት።

አላህ ይወፍቃችሁ!