የውኃው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። እኛ የምንጠይቀው፣ ተረቱን እየተረትን እስከ መቼ እንኖራለን ብለን ነው። የዓባይ ምንጭ ያለው በሰከላ፣ በግሽ ነው። በዚያው በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርሱ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ጀሪካን አዝለው፣ ከከብት ጋር እየተጋፉ፣ ከደፈረሰ ምንጭ ይቀዳሉ።

አዴትና ይልማና ዴንሳ በረሃ አይደሉም። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። እንግዲህ የጎደለው ውኃ አይደለም። የጎደለው ውኃውን አውጥቶ፣ አጥሮና ጠግኖ የሚያኖር ሥርዓት ነው። ሥርዓት ያለ ገንዘብ አይቆምም፤ ገንዘብም ባለቤት ይፈልጋል። ስለዚህ የውኃ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የቁልፍ ጥያቄ ነው፦ የገንዘቡ ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

የተለመደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዘቡ ከሚኒስቴር ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ በየደረጃውም ፊርማና ማኅተም ይጠብቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ግን በጎጃም ጉድጓድ አይቆፈርም። ጨረታው ወጥቶ፣ ተቋራጩ ተመርጦ፣ ሲሚንቶው እስኪጫን ብዙ ጊዜ በጋው ያልፋል። ሰኔ 30 ሲቃረብ ገንዘቡ ወይ ተመላሽ ይሆናል፣ ወይ በጥድፊያ ይወጣል። ገበሬው በዚህ ሁሉ መካከል የሚጠራው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ድንጋይ እንዲያቀርብ፣ አንድ ቀን በምረቃው ላይ እንዲያጨበጭብ።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ በዚሁ በክልላችን ተሞክሯል። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር ከ1994 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል የተካሄደው የገጠር ውኃ አቅርቦትና የአካባቢ ፕሮግራም መጀመሪያ በተለመደው መንገድ ሄደ። በ2003 ግን የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተባለውን አሠራር ጀመረ። የመንደሩ ሰዎች ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው ማመልከቻ ያቀርባል፤ ወረዳው መርምሮ ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው ተቋም በኩል፣ በቀጥታ ለኮሚቴው ይከፈላል። ዕቃ የሚገዛው፣ ቆፋሪና ግንበኛ የሚቀጥረው ራሱ ኮሚቴው ነው። ሕዝቡም ጉልበቱን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ያዋጣል፤ ለጥገና የሚሆን ጥሬ ገንዘብም አስቀድሞ በቁጠባ ያስቀምጣል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በዓመት የሚሠራው የውኃ ነጥብ በረከተ፤ ከተሠሩትም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አገልግሎት እየሰጡ መገኘታቸው ተዘገበ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ፤ በ2013 የተጀመረው የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራምም ከአሠራር ስልቶቹ አንዱ አድርጎ ተቀበለው። በወረቀት ተቀብሎ በሥራ ወደ ቀድሞው መንገድ ማዘንበል ግን የቢሮ አመል ነው። የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

«ለገበሬ ጥሬ ገንዘብ ከተሰጠው ይበላዋል» የሚሉ አሉ። ይህን ቃል ከቢሮ ብቻ ሳይሆን ከመማሪያ ክፍላችንም ሰምተነዋል፤ አፍረንበታልም። የጎጃም ገበሬ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍልለት የውኃ አባት መርጦ የኖረ፣ ዕድሩንና ማኅበሩን ያለ ኦዲተር ያስተዳደረ ሕዝብ ነው። የዕድር ገንዘብ የጎደለበት ዳኛ በቀብር ላይ ፊቱን የሚያሳይበት ቦታ የለውም። በሌላ ከተማ ያለ ባለፊርማ ስንት ጉድጓድ ቢደርቅ የሚያፍርበት ጎረቤት የት አለው? በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ አንዱ ትልቅ ምክንያት መሬቱን የሚለካውንና የሚገምተውን እጅ አለማመኑ ነበር። ገበሬው የሚያየውንና የሚቆጥረውን ይከፍላል፤ የማያየውን ሲጠየቅ ይጠረጥራል። ይህ ድንቁርና ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ከራሳችን ወገን ደግሞ «ውኃ መብት ከሆነ ድሃው ለምን ይከፍላል?» የሚል ክርክር ይነሣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ንጹሕ ውኃ የሰው ልጅ መብት መሆኑን አውቋል፤ የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90ም የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ ያዛል። ስለዚህ የግንባታው ትልቁ ወጪ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን የእጅ ፓምፕ የሚቆመው ባንዲት ጎማ ማለቅ ነው። የጎማዋን ዋጋ ከሩቅ የሚጠብቅ መንደር ጉድጓዱንም በልመና የሚጠጣ መንደር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ የወረዳው ጥገና ሠራተኛ እንዴት ይድረስ? መፍቻው፣ መለዋወጫውና ጥቂት ብር በመንደሩ ያሉለት ጉድጓድ ግን መኪና አይጠብቅም።

እርግጥ ነው፣ ኮሚቴ ሁሉን አይችልም። ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬ ወይም ለአዴት ከተማ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሞተር፣ ማጠራቀሚያና ረጅም የቧንቧ መስመር ያስፈልጋል፤ ይህ መሐንዲስና ብድር የሚጠይቅ ሥራ ነው። የ1999 እ.ኤ.አ. የውኃ ፖሊሲም ከተሞች ወጪያቸውን በታሪፍ እንዲመልሱ፣ ገጠሩ ደግሞ የማስኬጃና የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን ይላል። እኛም የከተማውን አገልግሎት ዕድር እናድርገው አላልንም። ግን ቆጣሪ ያለው ነዋሪም፣ ከቦኖ በጀሪካን የሚገዛውም ድሃ፣ የከፈለው ብር ለነዳጅ፣ ለደመወዝና ለጥገና ስንት ስንት እንደዋለ የማየት መብት አለው። ሒሳቡን ሳያሳዩ ታሪፍ መጨመር ታሪፍ አይባልም፤ ቅሚያ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አጭር ነው።

1ኛ. ለገጠር ጉድጓድና ምንጭ የሚመደብ ገንዘብ ለተመረጠው የመንደር ኮሚቴ በቀጥታ ይከፈል፤ ወረዳው ይምከር፣ ይቆጣጠር እንጂ አይግዛ። ውኃውን የምትሸከመው ሴት ናትና ሣጥኑንም እርሷ ትያዘው።

2ኛ. ገቢና ወጪው በቀበሌው ግድግዳ ላይ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችልም በስብሰባ ይነበብለት።

3ኛ. የፓምፕ መለዋወጫ በመጋዘን ከሚቆለፍ በየወረዳው ከተማ ገበያ፣ እንደ ማረሻ ብረት፣ ይሸጥ።

4ኛ. የከተማ ውኃ አገልግሎቶች የዓመት ሒሳባቸውን ታሪፍ ከመለወጣቸው በፊት ለከፋዩ ሕዝብ ያሳውቁ።

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳችንና ለመምህሮቻችን ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ ያገለግሉ ነበር። እኛ ዛሬ የጉድጓድ ንድፍ በክፍል ውስጥ ስለን ማርክ እናገኛለን፤ አንድ የተበላሸ ፓምፕ ፈትተን የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን? የሒሳብ አያያዝ የምንማር አንዱን ኮሚቴ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ ብናሳየው፣ ምህንድስና የምንማር ጎማ መለወጥ ብናለማምድ፣ ቁልፉ ለሕዝብ ይሰጥ የሚለው ጩኸታችን ክብደት ያገኛል። ያለዚያ እኛም በምረቃው ዕለት ከሚያጨበጭቡት አንለይም፤ የዓባይም ልጅ እንደተጠማ ይቀራል።